ሦስት ሺህ ጊዜ መውጋት፦ በአንዲት ትንሽ ሰፌድ ትዕግሥትን መልመድ

በወሎ ብዙ ቤቶች ሰፌድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይውላል። እህል ይበጠርበታል፣ ቡና ሲፈላ ቆሎ ይቀርብበታል፣ ከዚያ ተመልሶ ይሰቀላል። ዓይናችን ስለለመደው እንዴት እንደተሠራ ቀረብ ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። ስፋቷ አንድ ስንዝር፣ ማለትም 20 ሳንቲሜትር ያህል የሆነች የቆሎ ሰፌድ ተሠርታ እስክታልቅ ወደ 3,100 ጊዜ በወስፌ ትወጋለች።

ቁጥሩን በስሌት ማግኘት ይቻላል። ሰፌድ የሚሠራው የሣር ጥቅል ከመሀል ወደ ጠርዝ እየዞረ ሲሰፋ ነው፤ የጥቅሉ ውፍረት 5 ሚሊሜትር ከሆነ ከመሀል እስከ ጠርዝ ላለው 10 ሳንቲሜትር 20 ዙር ያስፈልጋል። ጥቅሉ ተፈትቶ ቢዘረጋ ከ6 ሜትር በላይ ይረዝማል። አንዱ ስፌት 2 ሚሊሜትር ስለሚሸፍን 3,100 ገደማ ይሆናል። ጀማሪ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ቢሰፋ 17 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። አንድ ጊዜ ወግቶ፣ ሰበዙን (የመስፊያውን ሣር) አሾልኮ፣ ስቦ ማጥበቅን ከዚህ በኋላ «አንድ ስፌት» እንለዋለን።

17 ሰዓት ብዙ አይደለም። ብዙ ሰው ግን እዚያ ሳይደርስ ይጥለዋል፤ የሚጥለውም በአብዛኛው ሥራው የት እንደደረሰ ስለሚሳሳት ነው። ስለዚህ የወስፌ አያያዙን ከማሳየት ጋር ሥራው እንዴት እንደሚቆጠርም አብረን እናሳያለን። ሁለቱ ተለያይተው ትዕግሥት አይመጣም።

ዕቃው

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ስንደዶ ወይም አክርማ የሚባለው የስፌት ሣር፣ ጥቂት አለላ (ባለ ቀለም ሰበዝ)፣ ወስፌ፣ መቀስ ወይም ስለት ያለው ቢላ፣ ውሃ የያዘ ሳህንና እርጥብ ጨርቅ። ሣሩ የሚለቀመው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ አገዳው ረዝሞ ገና ሳይደርቅ ነው። ከተለቀመ በኋላ ጥላ ውስጥ ተዘርግቶ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ የደረቀ ሣር ቶሎ ይነጣል፣ ይሰባበራልም። ራሳችሁ የማትለቅሙ ከሆነ በየሳምንቱ ገበያ የስፌት ዕቃ የሚሸጡትን ፈልጉና ታስሮ የተዘጋጀውን ግዙ። ስትገዙ ከእስሩ መሀል አንዷን መዝዛችሁ ጣታችሁ ላይ ጠምጥሟት። ቀጭ ብላ ከተሰበረች ያረጀች ናት። ሽታውንም አሽትቱ፤ የሻጋታ ሽታ ያለው እስር በውሃ ሲነከር ይጠቁራል።

ቤት ስትገቡ ሣሩን በሁለት ለዩት። ረጅሙ፣ ለስላሳውና እኩል ውፍረት ያለው ለመስፊያ ይቀመጥ። አጭሩ፣ ሻካራውና የተጣመመው ውስጥ ይገባል፤ ተሸፍኖ ስለሚቀር መልኩ አያሳስብም። ለአንድ ስንዝር ሰፌድ ከ200 እስከ 250 የመስፊያ ሰበዝ አዘጋጁ። አንዱ ስፌት 2 ሳንቲሜትር ያህል ሰበዝ ይበላል፤ ከአንድ ሰበዝ ከ30 እስከ 35 ሳንቲሜትር ከተጠቀማችሁ አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት ስፌት ይወጣል። የሚሰበረውም ስላለ ትርፉን አትቁረጡ።

ወስፌው እጀታው መዳፍ ላይ የሚደላደል፣ ጫፉ ሹል፣ አካሉ ቀጭን ይሁን። ወፍራም ወስፌ ትልቅ ቀዳዳ ስለሚተው ስፌቱ ላልቶ ይቀራል። በማትሰፉበት ጊዜ ጫፉን በበቆሎ ቆረቆንዳ ውስጥ ሰክታችሁ አስቀምጡት፤ በተለይ ልጆች ያሉበት ቤት ይህ የግድ ነው።

አለላውን ለመጀመሪያ ሥራ ቀለም የተነከረ ግዙ። ራሳችሁ መንከር ካማራችሁ ቀለሙን በፈላ ውሃ አሟሙታችሁ ሰበዙን ጨምሩ፤ የፈለጋችሁት ድምቀት ሲደርስ አውጥታችሁ ውሃው ጥርት እስኪል እጠቡት፤ ጥላ ላይም ይድረቅ። ከመስፋታችሁ በፊት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት። ጨርቁን የሚያቀልም አለላ ነጩን ሰበዝም ያቀልመዋል፤ ያኔ መመለሻ የለውም።

ውሃው ላይ የሚሠራ ስህተት

ጀማሪ ሣሩን ሁሉ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ከትቶ ያድራል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ሰበዝ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ዛሬ ጥብቅ ብሎ ያማረው ስፌት በሳምንቱ ክፍተት አውጥቶ ይገኛል። የመስፊያውን ሰበዝ 15 ወይም 20 ብቻ አውጥታችሁ ለብ ባለ ውሃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ንከሩ፤ ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሉት። የውስጡን ሣር ግን በእርጥብ እጅ ከማባበስ በላይ ውሃ አታስነኩት። የውስጡ ከረጠበ ሲደርቅ ይቀጥንና የላዩን ስፌት በሙሉ ያላላዋል።

የአገሩ አየርም ይወስናል። ባቲና ኮምቦልቻ ሙቀቱ ሰበዙን ቶሎ ስለሚያደርቀው ጨርቁን ደጋግሞ ማርጠብ ያስፈልጋል። ደሴና ከዚያ በላይ ባለው ደጋ በክረምት ችግሩ ይገለበጣል፤ ያልደረቀ ሥራ ተሸፍኖ ካደረ ይሻግታል። ስለዚህ በየማታው ሥራውን ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ሰቅላችሁ እደሩ፤ ፕላስቲክ ውስጥ በፍጹም አትክተቱት።

እምብርቱ

ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ሦስት ዙር ነው። የሰፌድ እምብርት ከሽንብራ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ ሣር ደግሞ እንዲህ ጠባብ ቦታ ላይ መታጠፍ አይወድም። ለዚህ ሥራ ብቻ ከውስጥ ሣሩ ሦስት ወይም አራት ቀጫጭን መርጣችሁ ግማሽ ሰዓት ንከሩና በጥፍራችሁ ጀርባ እየጫናችሁ አላልሷቸው።

ቀጫጭኖቹን አንድ ላይ ይዛችሁ ከጫፋቸው 3 ሳንቲሜትር ያህሉን በመስፊያው ሰበዝ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ። የተጠቀለለውን አጥፋችሁ ቀለበት አድርጉት፤ ጫፉን ከረጅሙ ክፍል ጋር ገጥማችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ሦስት አራት ጊዜ እሰሩ። መሀሉ ላይ የሚቀረው ቀዳዳ ወስፌ ብቻ የሚያሾልክ ይሁን። ከዚህ በኋላ ረጅሙ ክፍል በቀለበቱ ዙሪያ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ ሣር እየጨመራችሁ ሦስተኛው ዙር ላይ ውፍረቱን 5 ሚሊሜትር አድርሱት።

እምብርቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተሞክሮ አይሳካም። አራት አምስት ጊዜ እንደሚፈታ አስቀድማችሁ አስቡት፤ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ለእምብርት ብቻ ስጡ። እየሠራችሁ እየፈታችሁ የምትውሉት ያ ቀን የጠፋ ቀን አይደለም፤ ቀሪዎቹ አሥራ ሰባት ዙሮች የሚቆሙት በዚያ ላይ ነው። እምብርቱ የተጣመመ ሰፌድ እስከ ጠርዙ እንደተጣመመ ይሄዳል።

አንድ ስፌት ቀረብ ብሎ ሲታይ

ግራ እጅ ጥቅሉን ይይዛል፣ ቀኝ እጅ ወስፌውን። ወስፌው ከፊት ወደ ኋላ፣ በታችኛው ዙር ሁለት ስፌቶች መካከል ይገባል፤ የታችኛውን ዙር ሣር ሲሶ ያህል ይዞ ይውጣ። ላዩን ብቻ ከወጋ ስፌቱ ይቦጨቃል፤ መሀሉን ከወጋ የታችኛውን ሰበዝ ይሰነጥቀዋል። ወስፌው እንደወጣ ቀዳዳው ሳይዘጋ አግድም የተቆረጠውን የሰበዙን ጫፍ አሾልኩ። ስትስቡት ወደ ላይ አትጎትቱ፤ ጥቅሉ በሚሄድበት አቅጣጫ አግድም ሳቡት። ወደ ላይ የተጎተተ ስፌት ጥቅሉን ያነሳዋል፤ የሰፌዱ መጎድጎድም ከዚያ ይጀምራል።

አጠገባችሁ ስፌት የሚያውቁ እናት ካሉ «እትዬ፣ እስቲ ሲሰፉ ልይዎት» በሉና ቀኝ እጃቸውን ትታችሁ የግራ አውራ ጣታቸውን ተመልከቱ። ቀኙ ወስፌ ሊያነሳ ሲሄድ ያ ጣት የመጨረሻውን ስፌት ተጭኖ ይጠብቃል፤ ቀጣዩ ጥብቅ እስኪል ድረስ አይነሳም። ጀማሪ ይህን ጣት ቶሎ ያነሳዋል፤ የጠበቀው ስፌት በዚያች ቅጽበት መልሶ ይላላል። ሥራው ሲላላ እጁ ደካማ የሆነ ይመስለዋል፤ የጎደለው ግን ጉልበት ሳይሆን ጣቱን አለማንሳት ነው።

ሰበዙ ሊያልቅ 3 ሳንቲሜትር ሲቀረው አቁሙ። ቀሪውን ከውስጥ ሣሩ ጋር አስተኙት፣ አዲሱንም 3 ሳንቲሜትር አስገብታችሁ ሁለቱን በቀጣዮቹ ስፌቶች ሸፍኗቸው። የውስጡ ሣር እየቀጠነ ስለሚሄድ በየ3 ወይም 4 ሳንቲሜትሩ አንድ ጨምሩ፤ ከጎን ሳይሆን መሀል ለመሀል አስገቡት። ሁለት ሣር አንድ ቦታ ከገባ ጉብታ ይወጣል። ውፍረቱን በዓይን መለካት እስክትለምዱ ከለስላሳ መጠጥ መምጠጫ ላይ አንድ ሳንቲሜትር ቆርጣችሁ ጥቅሉ ላይ አጥልቁት፤ እየሰፋችሁ ወደፊት ግፉት። ቀለበቱ ከላላ ሣር ጨምሩ፣ ከጠበቀ አንድ አውጡ።

ለምን ይጎደጉዳል፣ ለምን ይሞገዳል?

ሰፌድ ዘርጋ ብሎ እንዲቀመጥ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው በ3 ሳንቲሜትር ያህል መርዘም አለበት፤ በስፌት ሲቆጠር 16 ጭማሪ ነው። ዙሩ ይህን ያህል ካላደገ ጠርዙ ወደ ላይ ተነስቶ ሰፌዷ እንደ ሳህን ትጎደጉዳለች። ከመጠን በላይ ካደገ ደግሞ የሚያርፍበት ስለሚያጣ እንደ ቀሚስ ጫፍ ይሞገዳል።

በእጅ የለመዱት ይህን ሳይቆጥሩ ያደርጉታል። ለጀማሪ ግን እንዲህ ያለ ደንብ አለ፦ አምስተኛው ዙር ላይ ከየአራት ስፌቱ በኋላ አንዱን ክፍተት ሁለት ጊዜ ውጉ፤ አሥረኛው ላይ ከየዘጠኙ በኋላ፤ ሃያኛው ላይ ከየአሥራ ዘጠኙ በኋላ። የዙሩ ቁጥር ሲቀነስ አንድ ማለት ነው። ይህ ከተጠበቀ ጭማሪው ራሱ 16 ይመጣል።

እያንዳንዱ ዙር ሲያልቅ ሰፌዷን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ አንዱን ጠርዝ በጣት ተጫኑ። ማዶው ከተነሳ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ፈልጉት። ጉድጓዱ ከአንድ ሳንቲሜትር ካነሰ በእርጥብ ጨርቅ አብሳችሁ፣ ሁለት ሰሌዳ መሀል አድርጋችሁ፣ ከላይ ክብደት ጭናችሁ ብታሳድሩት ይመለሳል። ከዚያ በላይ ከሆነ ክብደት አይመልሰውም፤ መፍታት ነው።

መፍታት ላይ ልብ ይሰበራል፤ ስለዚህ ጥቂት እንቆይበት። ጥፋቱን ባያችሁበት ቦታ አታቁሙ፤ የጀመረበት ድረስ ፍቱ። የጀመረበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ካያችሁበት አንድ ዙር ወደ ኋላ ነው። ግማሹን ፈትቶ የቀጠለ ሰው ያንኑ ስህተት እንደገና ያየዋል፤ ያኔ ሁለት እጥፍ ይፈታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ጋ በደንብ ይገባል። አፈታቱ ሰበዙን ከመጨረሻው ስፌት ወደ ኋላ አንድ በአንድ በማውጣት ነው፤ በመቀስ አትቁረጡ። የተፈታውን ሰበዝ ጣሉት፤ ታጥፎ የደከመ ስለሆነ ሁለተኛ አይጠብቅም። የውስጡ ሣር ግን ያገለግላል። እስከ አሥረኛው ዙር ድረስ ጥፋትን በየዙሩ ካያችሁ አንድ ጊዜ የምትፈቱት ቢበዛ 150 ስፌት ነው፤ የ50 ደቂቃ ሥራ። ሳታዩ አምስት ዙር ከሄዳችሁ ግን ከሦስት ሰዓት በላይ ሥራ ትፈታላችሁ።

ግማሹ ግማሽ አይደለም

አሥረኛው ዙር ላይ ሰፌዷ 10 ሳንቲሜትር ትሰፋለች፤ ለዓይን ግማሽ የደረሰች ትመስላለች። የተሠራው ግን ሩብ ነው፤ ከ3,100 ስፌት ገና ወደ 785 ገደማ። ሦስት እጥፉ ከፊት አለ። ሰው ሰፌዱን ጥሎ የሚሄደው በአብዛኛው እዚህና ከዚህ ቀጥሎ ባሉት ሁለት ሦስት ዙሮች ነው። «ግማሽ ደርሻለሁ» ብሎ የተማመነ ሰው በቀጣዩ ሳምንት ብዙ ሠርቶ ሰፌዱ ጥቂት ብቻ ሲሰፋ ሲያይ እጁ የዘገየ፣ ችሎታው ያነሰ ይመስለዋል። እጁ አልዘገየም። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው አምስት ደቂቃ ያህል ይበልጣል፦ አምስተኛው ዙር 25 ደቂቃ ገደማ፣ አሥረኛው 50፣ ሃያኛው አንድ ሰዓት ከ40።

መፍትሔው ሥራውን በአለላ መቁጠር ነው። በ20 ዙር ሰፌድ ላይ አሥረኛውን፣ አሥራ አራተኛውንና አሥራ ሰባተኛውን ዙር በቀለም ስፉ። አሥረኛው ሲያልቅ የሥራው ሩብ፣ አሥራ አራተኛው ሲያልቅ ግማሹ፣ አሥራ ሰባተኛው ሲያልቅ ሦስት አራተኛው ተጠናቋል። ቀለበቶቹ ወደ ጠርዙ እየተቀራረቡ ሲሄዱ ለዓይንም ያምራሉ። በእያንዳንዱ ቀለም መካከል ያለው ድካም እኩል ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው አራት ሰዓት ተኩል ገደማ። ዙር ከመቁጠር ቀለም መቁጠር ልብን ያሳርፋል፤ ቁጥሩ አይዋሽምና።

የዕለቱን ድርሻም በሰዓት ሳይሆን በስፌት ወስኑት። በቀን 100 ስፌት ከ35 ደቂቃ ያነሰ ነው፤ በአንድ ወር ሰፌዷን ያደርሳል። 150 ከሆነ በሦስት ሳምንት። ሰዓት ስትቆጥሩ ዓይናችሁ ግድግዳው ላይ ይሆናል፤ ስፌት ስትቆጥሩ ግን እጃችሁ ላይ። ለወሎ ሰው ምቹው ጊዜ ቡና ሲፈላ ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ መቶውን ስፌት ጨዋታው ሳይቋረጥ መጨረስ ይቻላል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮችና ባለ ቀለሞቹን ዙሮች ከጨዋታ ላይ አታድርጓቸው፤ እነሱ ዝምታ ይፈልጋሉ። በመብራትም ባትሰፉ ይሻላል፤ ሰበዙና ክፍተቱ አንድ ዓይነት ቀለም ስለሚሆን በደብዛዛ ብርሃን ወስፌው ያለ ቦታው ይገባል።

የቀን ድርሻችሁን ጨርሳችሁ እጃችሁ ቢሞቅም አቁሙ። በአንድ ቀን 400 የሰፋ ሰው በማግስቱ አውራ ጣቱ ያብጣል፣ ሦስት ቀን ያርፋል፣ ከዚያም ሊረሳው ይችላል። ስታቆሙ በሰበዙ መሀል አቁሙ፤ ሰበዝ አልቆ አዲስ ማስገባት ባለበት ቦታ ያቆመ ሰው ነገ መጀመር ይከብደዋል።

ጠርዙ

ሰው ሥራውን የሚጥልበት ሌላው ቦታ እዚህ ነው፤ የሚያስጥለው ግን ስልቸታ ሳይሆን ጥድፊያ ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች ስፌቱ እየሰፋ፣ እየላላ ይሄዳል። በየ10 ሳንቲሜትሩ 50 ስፌት መኖሩን ቆጥራችሁ አረጋግጡ። ዙሩ ሊገጥም 7 ሳንቲሜትር ሲቀር የውስጥ ሣር መጨመር አቁሙ፤ ያለውንም አንዱን አጭር አንዱን ረጅም አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ጥቅሉ እንደ አይጥ ጭራ ቀጥኖ የታችኛው ዙር ላይ ይተኛል። አንድ ላይ ከተቆረጠ ደረጃ ይወጣል፤ ያ ደረጃ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚቦጨቅ ቦታ ነው። የመጨረሻውን ሰበዝ ወደ ኋላ በአምስት ስፌት ስር አሳልፋችሁ ቁረጡት።

ያለቀውን ሰፌድ ሁለት ቀን ጥላ ላይ አድርቁት፤ ከዚያ በፊት ቆሎ አታፍሱበት። ሲቆሽሽ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ብቻ ነው፤ ውሃ ውስጥ ከገባ ውስጡ ያብጣል።

ቀጣዩ ሥራ 30 ሳንቲሜትር ቢሆን ስፋቱ በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ስፌቱ ግን ከእጥፍ አልፎ ወደ 7,000 ይደርሳል። ዙሩ 30 ስለሆነ ቀለሞቹን አሥራ አምስተኛው፣ ሃያ አንደኛውና ሃያ ስድስተኛው ላይ አድርጓቸው።